ሰማይ ይታረሳል

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ተረቱ ሁለት የማይቻሉ ነገሮችን በአንድ ቀንበር ጠምዶ፣ አንዱ የማይሆነውን ያህል ሌላውም እንደማይሆን ይነግረናል። ከሁለተኛው ጋር ታሪክ ሲጣላ ኖሯል፤ ንጉሥ ሲወርድም ሲከሰስም ታይቷል። የመጀመሪያውን ግን ማንም የነካው አይመስለንም። ሰማይ እንዴት ይታረሳል? ማን ጠምዶ? በምን ገመድ ተለክቶ?

እኔ በበኩሌ ሰማይ ይታረሳል እላለሁ። ይለካል፣ ይሸነሸናል፣ ድንበር ይበጅለታል፤ «እስከዚህ ያንተ፣ ከዚህ በላይ ግን እንዳትደርስ» ይባልበታል። ችግሩ ድንበሩ የማይታይ መሆኑ ነው። የመሬት ድንበር ቁልቋል አለው፣ ድንጋይ አለው፣ ጎረቤት ሲገፋው ሽማግሌ ይጠራበታል። የሰማይ ድንበር ግን የሚታወቀው አንድ ቀን ደብዳቤ ሲመጣ ነው።

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከአውሮፕላን ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እንደማትጠፉ ዐውቃለሁ። የዶርም ጓደኞቼም ብለውኛል። ያገናኘኝ አጎቴ ነው።

እኔ የቱላ ልጅ ነኝ። ቱላን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው አስፋልት ስትሄዱ የምታገኟት ናት፤ ዛሬ የሐዋሳ ከተማ አንድ ክፍለ ከተማ ሆና «ሐዌላ ቱላ» ትባላለች። ስሟ ከተማ ይሁን እንጂ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ስትሉ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጫቱ ይቀበላችኋል። የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። የሐዋሳው ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ በሌላ በኩል ነው፤ ለኛ ለቱላ ልጆች አውሮፕላን ማለት ቀና ብለን የምናየው፣ ጭራው ላይ ነጭ ክር የሚጎትት ነገር ነበር።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ እኔ ሳልወለድ ለንግድ ብሎ ከቱላ ወጥቶ ከአንዲት ትንሽ ማረፊያ ካላት ከተማ ዳር ኖረ። የከተማይቱን ስም አልጠራም። እዚያ ከግማሽ ሄክታር በማትበልጥ ቦታ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ባሕር ዛፍ የድሀ ባንክ ነው፤ ውኃ አታጠጣው፣ ወለድ አታስብለት፣ ዝም ብሎ ያድጋል። አጎቴም ሰባት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ጠበቀ። አጣናውን ሸጦ ልጁን ኮሌጅ ሊያስገባ፣ በተረፈው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሊጀምር ነበር ሐሳቡ።

አንድ ቀን ባለ ሦስት እግር መነጽር የተሸከሙ ሰዎች መጡ። ለክተው፣ ጽፈው፣ ዛፎቹ ግንድ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። ቀጥሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣ፤ ዛፎቹ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲቆረጡ፣ የፎቁም ፕላን እንደማይፈቀድ የሚገልጽ። ምክንያቱ በአንዲት መስመር አልቋል፦ «ለአውሮፕላን ደኅንነት ሲባል»። ሰባት ዓመት በአንድ መስመር!

ለፍቼ ጫምባላላ ወደ ቱላ ሲመጣ ያንን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞት መጣ። ከምግብ በኋላ ወደ ጎን ጠራኝና በሲዳምኛ እንዲህ አለኝ፦ «አንተ ዩኒቨርሲቲ ገብተሃል አይደል? እስቲ አንብብልኝ። ዛፌ ያለው መሬት ላይ ነው፣ አውሮፕላኑ ያለው ሰማይ ላይ ነው። የት ተገናኝተው ነው የተጣሉት?»

«ጋሼ፣ አንብቤ እነግርዎታለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ነው ለእናንተም የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ከመሐንዲሶቹ ቋንቋ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1944 መንግሥታት ቺካጎ ላይ ተሰብስበው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ተፈራረሙ። ከዚያ ስምምነት ጋር የሚሄዱ «አባሪ» የሚባሉ ደንቦች አሉ፤ አሥራ አራተኛው የማረፊያዎች ነው። እዚያ ውስጥ በእያንዳንዱ ማረፊያ ዙሪያ የማይታይ ጣራ ተሠርቷል። ማኮብኮቢያውን እንደ ጎጆ ወለል ቁጠሩት፤ ከዳርና ከዳሩ ግድግዳው ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይነሣል፣ በየ7 ሜትሩ አንድ ሜትር። ለትልልቆቹ ማረፊያዎች ይኸ ግድግዳ 45 ሜትር ሲደርስ ጠፍጣፋ ጣራ ይሆንና እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይዘረጋል። ከዚያም እንደ ቆብ ጠርዝ እንደገና ከፍ ይላል።

ዋናው ግን በር ነው። የጎጆው በሮች ሁለት ናቸው፤ አውሮፕላኑ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ የማኮብኮቢያው ሁለት ጫፎች። እዚያ ላይ ጣራው እጅግ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። በመሣሪያ በሚታረፍበት ትልቅ ሜዳ ላይ ከጫፉ 60 ሜትር ተትቶ፣ ከዚያ በየ50 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ ነው ከፍ የሚለው። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት፤ መሬቱ ሜዳ ከሆነ፣ ጣራው ከተነሣበት 500 ሜትር ርቆ እንኳ ከፍታው ገና 10 ሜትር ነው! ለትንንሽ አውሮፕላኖች ብቻ በተሠራ ሜዳ ጣራው ቶሎ ቶሎ ይነሣል፤ በየ20 ሜትሩ አንድ ሜትር የሚነሣበትም አለ። ቢሆንም የሰባት ዓመት ባሕር ዛፍ የቱንም አይፈራ። የአጎቴ ቦታ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ናት።

«ታዲያ ለምን ይኸን ያህል ዝቅ አደረጉት? አውሮፕላን እንደሁ ሽቅብ ነው የሚወጣው» ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። መልሱ ደንቡ የተጻፈው ለጥሩ ቀን አለመሆኑ ነው። የተጻፈው ለክፉ ቀን ነው። አንዱ ሞተር በተነሣበት ቅጽበት የጠፋበት አውሮፕላን፣ በጭጋግ የሚወርድ አብራሪ፣ ንፋስ የገፋው ክንፍ ታስቦ ነው። በኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ከፍታችን። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ፣ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ስስ በሆነ ቁጥር ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሳል፤ አውሮፕላኑ ረጅም ይንደረደራል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ለደገኛ አገር የበሩ ጣራ የቅንጦት ነገር አይደለም።

ደንቡ በቁመት ብቻ አያበቃም። በማረፊያ ዙሪያ ጢስ አይወደድም፤ የአብራሪውን ዓይን ይጋርዳል። ከመሬት ወደ ላይ የሚያበራ ኃይለኛ መብራት አይፈቀድም፤ ማታ ከማኮብኮቢያው መብራት ጋር ይምታታል። የሬዲዮ መልእክት የሚረብሽ መሣሪያ አይፈቀድም። ከሁሉም በላይ ግን ወፍ የሚጠራ ነገር አይፈለግም፤ ቆሻሻ መጣያ፣ ቄራ፣ ኩሬ፣ ክፍት የእህል ማከማቻ። ዓለም አቀፉ መመሪያ የቆሻሻ መጣያ ከማረፊያ 13 ኪሎ ሜትር መራቅ እንዳለበት ይመክራል። አሥራ ሦስት! ከቱላ ተነሥታችሁ መሐል ሐዋሳ እንደ መድረስ ማለት ነው።

ስለ ወፍ ሳነብ ሣቄ መጥቶ ነበር፤ ወዲያው ተመለሰ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 1988) ከአዲስ አበባ በባሕር ዳር አድርጎ ወደ አሥመራ የሚሄድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ተነሣ። 98 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች ነበሩበት። ሲነሣ ከርግቦች መንጋ ጋር ተገናኘ። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ሊመልሱት ሞከሩ፤ ሞተሮቹ ግን ሁለቱም ከዱ። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳያወጣ ሜዳ ላይ በሆዱ ወረደ፣ እሳት ተያያዘ። 35 ሰዎች ሞቱ።

ርግብ! የግጥሞቻችን ሁሉ የሰላም ምልክት፣ የጥምቀት ሥዕል ላይ ከሰማይ የምትወርደው ወፍ። በእጃችሁ ብትይዟት ከአንድ ሊትር ወተት ባልበለጠች። የባሕር ዳር ልጅ የሆነ የዶርም ጓደኛ አለኝ፤ እናቱ የዚያን መስከረም ወሬ እስከ ዛሬ ታነሣለች ይላል፤ አዲስ ዓመት በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ሰው ገና እንቁጣጣሹን ሳይጨርስ። ይኸን ለአጎቴ ብነግረው «ርግቧስ ምን አጠፋች?» ይለኝ እንደሆን እንጃ። ርግብ አታጠፋም። ርግብ እህል ወዳለበት፣ ውኃ ወዳለበት ትሄዳለች። እህሉንና ውኃውን የምናስቀምጠው እኛ ነን።

አሁን ደግሞ ወደ ሐዋሳችን እንምጣ። አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ ያልበላ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ! እዚያ ዓሣ አጥማጆች የዓሣውን ሆድ ዕቃ ሲጥሉ አባ ኮዳዎቹ ካፖርት እንደ ለበሱ ሽማግሌዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ቱሪስት ፎቶ ያነሣቸዋል፣ ልጆች ይጫወቱባቸዋል። አባ ኮዳ ግን ርግብ አይደለም፤ ትልቁ እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል፣ ሙቅ አየር ሲያገኝ ክንፉን ዘርግቶ እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል። ሐዋሳ ሐይቅም አላት፣ ዓሣም አላት፣ አባ ኮዳም አላት፣ አሁን ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያም አላት። ይኸን ስል ሐይቁ ይድረቅ፣ ወፎቹ ይለቁ ማለቴ አይደለም፤ ሐዋሳ ያለ እነሱ ሐዋሳ አይደለችም። ግን ከተማው ቆሻሻውን፣ የዓሣ ትርፍራፊውን፣ ቄራውን የት እንደሚያደርግ ሲወስን ማረፊያውንም በካርታው ላይ አብሮ ማየት አለበት ማለቴ ነው። የወፍ ጉዳይ የቆሻሻ ጉዳይ ነው፤ የቆሻሻ ጉዳይ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ነገር ሰው ነው። ደንቡ ከማኮብኮቢያ ጫፍ ፊት ለፊት ሰው የሚሰበሰብበት ነገር እንዳይሠራ ይመክራል፤ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ገበያ፣ የነዳጅ ማከማቻ። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 1996 በኪንሻሳ ከተማ መሐል ካለው ትንሽ ማረፊያ፣ ንዶሎ ይባላል፣ አንድ የጭነት አንቶኖቭ ሊነሣ ተንደርድሮ መነሣት አቃተው፤ ማኮብኮቢያውን ጨርሶ ዘለቀና ከጫፉ ላይ ካለ ገበያ ውስጥ ገባ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ገበያተኞች ነበሩ። አውሮፕላን ተሳፍረው የማያውቁ፣ ምናልባትም የማይሳፈሩ፣ ቲማቲምና ካሳቫ ዘርግተው የተቀመጡ ሰዎች በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ።

የቅርቡን ደግሞ እናንተም ሰምታችኋል። ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሕንድ አሕመዳባድ ወደ ለንደን የተነሣው ቦይንግ 787 ወዲያው ወርዶ የሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎች ማደሪያ ላይ ወደቀ። የምሳ ሰዓት ነበር። ከተሳፈሩት 242 ሰዎች አንድ ብቻ ሲተርፍ፣ ምድር ላይ ደግሞ 19 ሰዎች ሞቱ። አውሮፕላኑን የጣለው ሕንፃው አይደለም። ግን አስቡት እስቲ፤ እንደኛ ሰሐን ይዘው፣ ስለ ፈተና እያወሩ፣ ወጡ ቀጠነ እያሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካፌያችን ገብቼ ጣራውን ቀና ብዬ ሳላይ የበላሁበት ቀን ትንሽ ነው።

እንግዲህ ደንቡ ከንቱ አይደለም። እዚህ ላይ ለአጎቴ ጥብቅና የቆምኩ መስሏችሁ ከሆነ፣ ዛፎቹ መቆረጥ ነበረባቸው። ይኸን አልሸሽግም። ነገር ግን መቆረጥ የነበረባቸው በስንተኛው ዓመታቸው ነው? ጥያቄዬ ይኸ ነው።

አገራችን ማረፊያን አስቀድሞ ከማሰብ ይልቅ ከኋላ እየተከተለች የምታስብ ሆና ኖራለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲመሠረት የአዲስ አበባ ማረፊያ ልደታ ነበር። ከተማው ልደታን ከበበው፤ ቦሌ ሲከፈት አየር መንገዱ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ዛሬ ከዚያ ዘመን ለሕዝቡ የቀረው «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባል የሰፈር ስም ነው። ቦሌ ደግሞ ያኔ ገጠር ነበር፤ ስንዴና ጤፍ የሚታጨድበት። አሁን ቦሌንም ከተማው ውጦታል፤ ከመስኮቱ ዳር የተቀመጠ መንገደኛ ሲያርፍ የሰው ሰገነት ላይ የተሰጣ ልብስ ይቆጥራል። ጂንካ የነበረችበትን ደግሞ የደቡብ ልጆች ታውቃላችሁ፤ የድሮው ማረፊያዋ ከተማው መሐል የተንጣለለ የሣር ሜዳ ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ከወዲያ ወዲህ ያቋርጠዋል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ሜዳው ይለቀቃል። ዛሬ ጂንካ ሌላ አዲስ ማረፊያ አላት።

ጂንካን ሳስብ አንድ ነገር ይታየኛል። እዚያ ደንቡ አልተጻፈም፤ ግን ሁሉም ያውቀው ነበር። ድምፁ ሲሰማ እረኛው ከብቱን ያወጣል፣ ልጁ ኳሱን ያነሣል። ለምን እንደሚያወጣ ያውቃላ! አውሮፕላኑን በዓይኑ ያየዋል። የአጎቴ ደንብ ግን የተጻፈ ነው፤ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፤ የሚያውቀው የለም።

ለመሆኑ ሰማዩ የማን ነው? ይኸ ጥያቄ የአጎቴ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግሪንስቦሮ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ኮዝቢ የሚባል ዶሮ አርቢ ገበሬ ነበር። እርሻው ከአንዲት ትንሽ ማረፊያ ጫፍ 700 ሜትር አይሞላም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማረፊያዋን ጦሩ ተከራያትና ቦምብ ጣዮቹ ከእርሻው በላይ በ25 ሜትር ገደማ ከፍታ ማለፍ ጀመሩ። ዶሮዎቹ በድንጋጤ ከግድግዳ ጋር እየተጋጩ ሞቱ፤ እስከ 150 ይደርሳሉ። ባልና ሚስቱም እንቅልፍ አጡ። ገበሬው መንግሥትን ከሰሰ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ዳኞቹ ሁለት ነገር ወሰኑ። አንደኛ፣ መሬት ያለው ሰው እስከ ሰማየ ሰማያት ድረስ ባለቤት ነው የሚለው የድሮ ሕግ በአውሮፕላን ዘመን አይሠራም፤ ሰማይ የሕዝብ መንገድ ነው። ሁለተኛ ግን፣ ሰው ከመሬቱ በላይ ሊጠቀምበት የሚችለው ያህል አየር የራሱ ነው፤ መንግሥት እዚያ ውስጥ ገብቶ እርሻውን ካበላሸበት እንደወሰደበት ይቆጠራልና ይክፈለው።

ይኸን ሳነብ ሌሊት ነበር፤ ዶርም ውስጥ ሁሉም ተኝቷል። «ንጉሥ ተከሰሰ!» ብዬ ጮህኩ፤ አንዱ ጫማ ወረወረብኝ።

የኛ ነገር ይለያል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰው የራሱ የሚሆነው በጉልበቱና በገንዘቡ መሬቱ ላይ ያፈራው ነው። ቤቱ፣ ዛፉ፣ ቡናው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ የሚከፈልበት አዋጅ አለ፤ የ1997ቱ ነበር፣ በ2011 ዓ.ም. በቁጥር 1161 ተተካ። አጎቴ ግን «ተወሰደብኝ» ብሎ ቢሄድ «ምን ተወሰደብህ?» ይባላል። መሬቱ እንዳለች ናት። የተወሰደው ከ10 ሜትር በላይ ያለው አየር ነው። አየር ደግሞ በካሬ አይለካም፤ በደብዳቤ ይወሰዳል እንጂ በደብዳቤ አይመለስም። ዛፉስ? ዛፉ የላቡ ፍሬ አይደለም? መሬቱ ተወስዶ ቢሆን ዛፉ ይገመትለት ነበር። መሬቱ ስላልተወሰደ ብቻ ዛፉ ከንቱ ቀረ። ሰው ከፊሉ ሲወሰድበት ሙሉው ከተወሰደበት ሰው የባሰ የሚጎዳበት ነገር እንዴት ያለ ነገር ነው?

አንዳንድ ጓደኞቼ እዚህ ላይ ይከራከሩኛል። «ለሁሉም ካሳ ከተከፈለ ድሀ አገር ማረፊያ መሥራት ትችላለች ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ገንዘቡም ከሰማይ አይወርድም። ነገር ግን ርካሹ ካሳ አስቀድሞ መናገር ነው። አጎቴ ችግኙን በሚተክልበት ቀን አንድ ሰው መጥቶ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ከ10 ሜትር በላይ የሚያድግ ነገር አይትከሉ፤ ጎመን ይትከሉ፣ ድንች ይትከሉ፣ እንሰት ይትከሉ» ቢለው ኖሮ፣ ለመንግሥት አንድ ሣንቲም ባልወጣ። እንሰት እኮ እንደ ባሕር ዛፍ ሰማይ አይነካም! የሲዳማ ሰው ከልጅነቱ የሚያውቀው ተክል ለማኮብኮቢያ ጫፍ የተፈጠረ ይመስላል። ይኸን ለመናገር ግን ካርታው ከመሥሪያ ቤት መሳቢያ ወጥቶ ቀበሌ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ገበሬው በሚያውቀው ቋንቋ፣ በሚያውቀው ልክ፤ «ከዚህ ዋርካ እስከዚያ ጅረት፣ ከጎጆ ጣራ የሚበልጥ የለም» ተብሎ።

ይኸ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው ወደ ጉዱማሌ የምመጣው። ሲዳማ ያልሆናችሁ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው ስሙን ሰምታችኋል። ጉዱማሌ የጋራ አደባባይ፣ የጋራ መስክ ማለት ነው። ፍቼ የሚከበርበት፣ ሰው የሚሰበሰብበት። አያቴ ሲነግረኝ፣ ጉዱማሌን ማንም አያጥረውም፣ ማንም አያርሰውም። ቢርበውም አያርሰውም። ለምን ቢባል የሁሉም ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ዳሩን ገፋ አድርጎ እንሰት ቢተክልበት ሽማግሌዎች ሶንጎ ተቀምጠው ይጠሩታል፤ ሀላሌውን፣ እውነቱን ይናገራል፤ ይተዋል። ፖሊስ የለም፣ ቀይ ቀለም የለም። ደንቡን የሚያስከብረው ሰው ሁሉ የደንቡን ምክንያት ማወቁ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ እያንዳንዱ ሰው ጨፍሯል፣ አባቱን ቀብሮ ተላቅሷል፣ ልጁን ድሯል።

የማኮብኮቢያ በርም ጉዱማሌ ነው፤ የሰማይ ጉዱማሌ። ማንም እንዳይሠራበት የሚተወው ለአንድ ሰው ብለን አይደለም፤ ለማናውቀው መንገደኛ፣ ለታመመና ወደ አዲስ አበባ ለሚላክ ሕፃን፣ ለአብራሪውም ልጆች ነው። ደግሞም በሩ ሥር ለሚኖረው ለራሱ ለገበሬው ነው፤ አውሮፕላን ሲወድቅ ማን ላይ እንደሚወድቅ ከንዶሎ ገበያ ተምረናል። አጎቴ ይኸን ሊገባው የማይችል ሰው ነው እንዴ? ጉዱማሌን ያላረሰ ሰው የሰማዩን ጉዱማሌ ያርሳል?

በስልክ ነገርኩት። የባሕር ዳሩን ርግቦችና የኪንሻሳውን ገበያ ነገርኩት፤ በየ50 ሜትሩ አንድ ሜትር የሚነሣውን ጣራም እንደ ጎጆ አድርጌ ገለጽኩለት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ገበያው ውስጥ ያሉት ሴቶች ናቸው?» አለኝ። «አብዛኞቹ ሳይሆኑ አይቀሩም ጋሼ» አልኩት። እንደገና ዝም አለ። «ይኸን ቢነግሩኝ ኖሮ በገዛ መጥረቢያዬ እቆርጠው ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሁንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ግን ሌባ እንደሆንኩ ተቆጥሬ ነው የቆረጥኩት።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የአጎቴን ልብ የሰበረው የአጣናው ዋጋ ብቻ አይደለም። ያጣውን ገንዘብ ቁጭ ብሎ ያሰላዋል፤ ልጁም ኮሌጁን አንድ ዓመት አዘግይታ በሌላ መንገድ ትገባ ይሆናል። ያልተሰላው ነገር፣ ምክንያት እንደማይነገረው ሰው መቆጠሩ ነው። ደንብ ምክንያቱን ሲደብቅ ከትእዛዝ አይለይም፤ ትእዛዝ ደግሞ ዘወር ሲሉ የሚጣስ ነገር ነው። አጎቴ ዛፉን ቆረጠ፤ ከጎኑ ያለው ሰው ግን ነገ ማታ ማታ ብሎኬት ይደረድራል፣ ከነገ ወዲያ ጉቦ ይሰጣል። ያኔ አደጋ ላይ የሚወድቀው አውሮፕላኑ ነው። ለገበሬው ማስረዳት የርኅራኄ ሥራ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ የደኅንነት ሥራ ነው። እንደ ማኮብኮቢያው መብራት አንዱ መሣሪያ ነው።

ይኸ ሁሉ ለቱላ ምኗ ነው? ቱላ ማረፊያ የላትም ብያለሁ። ከተማው ግን እየመጣባት ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት በሄድኩ ቁጥር አንድ የእንሰት ጓሮ ብሎኬት ሆኖ አገኘዋለሁ። ነገ መንገድ ይሰፋል፣ የመብራት ከፍተኛ መስመር ያልፋል፣ የጎርፍ መሄጃ ይከለላል፤ «እዚህ አይሠራም፣ እዚያ አይተከልም» የሚል ወረቀት ወደ እናቴም ደጅ ይመጣ ይሆናል። አንዳንዱ ትክክል ይሆናል። እንዲያውም ብዙው ትክክል ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ጥያቄው ከዛፉ በፊት ይመጣል ወይስ ከዛፉ በኋላ ነው።

እናንተ ጓደኞቼ፣ ከእናንተ ውስጥ የከተማ ፕላን የምታጠኑ አላችሁ፣ ሕግ የምታጠኑ አላችሁ፣ ሲቪል ምሕንድስና የምታጠኑ አላችሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ባለ ሦስት እግሩን መነጽር የምትተክሉት፣ ያንን ወረቀት የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ቁጥሩን ከኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ለሃምሳ፣ አርባ አምስት ሜትር፣ አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር። እለምናችኋለሁ፣ ከቁጥሩ አጠገብ ርግቦቹን ጻፉ። ገበያውን ጻፉ። ገበሬው በሚያነበው፣ ካላነበበም በሚሰማው ቋንቋ ጻፉ። ቀይ ቀለሙን ከመቀባታችሁ በፊት ዛፉን የተከለውን ሰው አስጠርታችሁ፣ ቡናውን ጠጥታችሁ፣ ንገሩት። እኛም ቃል የምናጠና ተማሪዎች ቃላችን ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ሰማይ ድሮ አይታረስም ነበር፤ ስለዚህ ንጉሥም አይከሰስም ነበር። ዛሬ ሰማይ ተለክቷል፣ ተሸንሽኗል፣ ታርሷል። የተረቱ ግማሽ ከፈረሰ ግማሹ ብቻውን ሊቆም አይገባም። ሰማይን ያረሰ ሁሉ ለምን እንዳረሰው ይጠየቅ፣ ይመልስም።